ናፕኪን ውስጥ የተጠቀለለ ጥርስ

ምሳ ተበልቶ ትሪ እየተሰበሰበ ነበር። አንዱ ትሪ ላይ ያልተነካ ዶሮ፣ ግማሹ የተጠጣ ጭማቂ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የተጨማደደ ናፕኪን። እንዲህ ያለውን ትሪ ቆሻሻው ላይ መገልበጥ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። ናፕኪኑ ግን እጄ ላይ ከበደኝ። ስፈታው የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ወጣ፤ ሙሉው፣ ከነሮዝ ላንቃው።

ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት) ውስጥ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጥርስ የሚጠፋው በትሪ ነው፤ አለዚያም ከአንሶላ ጋር ተጠቅልሎ ወደ ልብስ ማጠቢያ ይወርዳል። ስለዚህ «እንኳን አየሁት» ብሎ አጥቦ መመለስ የተለመደ ነው። ያን ቀን ግን ጥያቄው ቀደመኝ። የጥርሱ ባለቤት የአገራችን ሰው ናቸው፤ ሜሪላንድ ከመጡ ብዙ ዓመታቸው ነው፣ እንግሊዝኛው ግን ከመርሳት ሕመሙ ጋር ጥሏቸው ሄዷል።

«እማማ፣ ጥርስዎን ለምን አወጡት?»

«ይለበልበኛል ልጄ። ምግቡ አይደለም፣ አፌ ነው።»

ከዚያ በፊት ለሳምንታት ሁላችንም ምግቡን ስንወቅስ ነበር የከረምነው። ልጃቸው ሽሮና ፍትፍት በሳህን ታመጣለች፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ምግባቸውን ወደ ተፈጨ ቀይራዋለች፣ «እንጀራ ናፍቋቸው ነው» ያልነውም እኛው ነን። በስልኬ መብራት አፋቸውን አየሁ። ላንቃቸው በርበሬ መስሏል። ቅላቱ ዝም ብሎ የተበተነ አልነበረም፤ የጥርሱን ሰሌዳ ቅርጽ ይዞ፣ ጠርዙ ጋ ሲደርስ በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ያበቃል። የከንፈራቸው ሁለት ማዕዘኖች ተሰነጣጥቀዋል። እሱን እንኳ አይተነው ነበር፤ ቫዝሊን ስንቀባው ሰንብተናል።

ከዚያ ቻርቱን፣ የእንክብካቤ መዝገባቸውን፣ ከፈትኩ። «ኦራል ኬር» (የአፍ እንክብካቤ) ከሚለው ፊት ለፊት በየሺፍቱ ምልክት አለ። ጠዋት ተደርጓል፣ ማታ ተደርጓል፣ አንድም ክፍት ቦታ የለም። ከምልክቶቹ አንዳንዶቹ የእኔ ናቸው። ሐሰት ነው እንዳልል ብሩሽም ውሃም ሰጥቻለሁ፣ ተጉመጥምጠዋል፣ ተፍተዋል። ጥርሱ ግን ከቦታው አልተነሳም። የከነከነኝ ይህ ነው፦ አፍ ታጥቧል ተብሎ በተጻፈባቸው በእነዚያ ሁሉ ቀናት ያንን አፍ ያየው ሰው አልነበረም።

ቅላቱ ከየት መጣ

ሰው ሠራሽ ጥርስ ቀንም ሌሊትም ሳይወጣ ሲቀር ሰሌዳውና ላንቃው መካከል ምራቅ እንደልቡ አይገባም። ምራቅ ደግሞ የአፍ አጣቢ ነው። ጥርሱ የሚሠራበት አክሪል በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ እዚያ ይሰፍራል። ስኳር ሕመም ያለባቸው፣ አንቲባዮቲክ የሰነበተባቸው፣ ለአስም ስቴሮይድ የሚስቡ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። የሚያስቸግረው፣ ይህ ቅላት ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። እማማን ስላቃጠላቸው ነው የታወቀው፤ ባያቃጥላቸው ኖሮ እስከ ዛሬ ቫዝሊን እየቀባን ነበር።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የኒስታቲን ፈሳሽ ነው፣ በቀን አራት ጊዜ። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁሌም አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ጥርሱ እንደተሰካ ይሰጣል። ፈሳሹ ከሰሌዳው በታች ያልፍና ቁስሉን ሳይነካ ይዋጣል። ጥርሱ መውጣት አለበት፣ መድኃኒቱ አፍ ውስጥ መዞር አለበት፣ ጥርሱም ራሱ መታከም አለበት፤ አለዚያ በዳነው ላንቃ ላይ ያንኑ ፈንገስ መልሶ መግጠም ነው። ሌላም አለ። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የአፍ ማጠቢያ አብሮ ከታዘዘ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መስጠት አይገባም፤ እርስ በርስ ተጣብቀው ኒስታቲኑ ኃይሉን ያጣል። ቢያንስ የግማሽ ሰዓት ርቀት ያስፈልጋል። ክሎርሄክሲዲንና ተራ የጥርስ ሳሙናም እንደዚሁ አይስማሙም።

ጥርሱ የሚፋጨው ስለላላ ከሆነ ግን ፈንገሱ ቢድንም ቁስሉ ይመለሳል። ሰው ሲከሳ ድዱም ይሟሽሻል፣ ከሥሩ ያለው አጥንትም የራስ ጥርስ ከተነቀለ ጀምሮ እየሟሟ ይሄዳል። ያኔ የጥርስ ሐኪም የሰሌዳውን ውስጥ እንደገና ሞልቶ ልኩን ያስተካክላል። ማጣበቂያ ክሬም ለሠርግና ለፎቶ ይሆናል፤ ቱቦው በሳምንት የሚያልቅ ከሆነ ችግሩ የልክ እንጂ የማጣበቂያ አይደለም።

ሲንኩ ውስጥ ፎጣ

ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሰበረው አፍ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ሲንክ ላይም ነው። ሳሙና የነካው አክሪል እንደ ዓሣ ያሟልጫል። ስለዚህ ውሃ ከመከፈቱ በፊት ሲንኩ ውስጥ ፎጣ ይነጠፋል፣ ወይም ግማሹ ድረስ ውሃ ይሞላል።

የላይኛውን ለማውጣት መጎተት አያስፈልግም። የያዘው አየር ነው። ሰውየው ትእዛዝ የሚገባቸው ከሆነ ከንፈራቸውን ገጥመው ጉንጫቸውን እንዲነፉ ማድረግ ነው፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይለቃል። ካልሆነ በጓንት፣ ሌባ ጣትን በጉንጭ በኩል ወደ ኋላ ልኮ ጠርዙን ወደ ታች መጫን፤ «ጭልቅ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። ከዚያ ሰያፍ አድርጎ ማውጣት፣ ከንፈር እንዳይቀደድ።

የሚታጠበው ለብ ባለ ውሃ፣ በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ የእጅ ወይም የዕቃ ሳሙና ነው። የጥርስ ሳሙና ይቧጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ቆሻሻ ይተኛል። የፈላ ውሃ ያጣምመዋል፤ «ጀርም ይግደል» ብሎ ያፈላ ሰው ላንቃ ላይ የማይገጥም ጥርስ ይዞ ይቀራል። ከውጭ ብቻ ሳይሆን ድድ የሚነካው ውስጡ መፈተግ አለበት፤ ማጣበቂያ ካለ ደግሞ በእርጥብ ጎዝ ከጥርሱም ከድዱም ይጠረጋል። ጥርሱ ወጥቶ ሳለ ባዶው ድድ፣ ላንቃና ምላስ በለስላሳ እርጥብ ብሩሽ ይታሻሉ። እኔ የዘለልኩት ይህንን ነበር።

ሌሊት ጥርሱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ሲደርቅ ልኩን ስለሚስት። የማጽጃው ታብሌት ጥሩ ነው፣ ግን ብሩሽን አይተካም፤ ጠዋትም በደንብ ታጥቦ ነው የሚገባው። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ክፍል ውስጥ ታብሌቱ የሚቀመጠው ተቆልፎበት ነው። ከረሜላ ይመስላል፣ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2008 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስለነዚህ ማጽጃዎች ማስጠንቀቂያ ያወጣው ሰዎች እያኘኩና እየዋጧቸው፣ አለርጂም እያስነሱ ስለነበር ነው።

ጥርሱ የራሳቸው ሲሆን

ድሮ ነርሲንግ ሆም የሚገባው ሰው ጥርሱን ጨርሶ ነበር። አሁን ብዙዎቹ የራሳቸውን ጥርስ ይዘው ይመጣሉ፣ ሥራውም የከበደው በዚህ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል፤ የአረጋዊ ጥርስም የሚበሰብሰው ከሥሩ ነው። ድድ ሲሸሽ የሚጋለጠው ሥር እንደ ላይኛው አካል ጠንካራ ሽፋን የለውም። እዚያ የጀመረ መቦርቦር ጥርሱን ዙሪያውን ይበላና አንድ ቀን እንደ ሸንበቆ ይቆርጠዋል።

የሚያፋጥነው ደረቅ አፍ ነው፤ የደረቅ አፍ ትልቁ ምክንያት ደግሞ መድኃኒት። ሽንት ለመቆጣጠር የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒን፣ የድብርት መድኃኒቶች፣ የአለርጂ ክኒኖች ምራቅ ያደርቃሉ፤ ብስኩት ምላሳቸው ላይ ተጣብቆ ያየ ሰው የመድኃኒት ዝርዝሩን ለነርሷ ያሳይ። በየመሐሉ ውሃ መጎንጨት ይረዳል፣ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ መምጠጥ ግን መርዝ ነው። የሎሚና የግሊሰሪን ዘንግ ከቀረበ መመለስ ነው፤ አፍ ያርሳል ይባላል እንጂ መልሶ ያደርቃል፣ አሲዱም ጥርስ ይበላል። ባለስፖንጁ ዘንግም ከንፈር ለማርጠብ እንጂ ጥርስ ላይ የተጣበቀውን ነጭ ነገር አያነሳም፤ ስፖንጁ ተነቅሎ ጉሮሮ ውስጥ የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

ስለዚህ ለስላሳ ብሩሽ፣ ወደ ድዱ በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ፣ ትንንሽ ክብ እየሠራ፣ ሁለት ደቂቃ። ሳሙናው የአተር ፍሬ ያህል። ተራው የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ነው። የጥርሳቸው ሥር ለተጋለጠ ሰዎች የጥርስ ሐኪም 5,000 ፒፒኤም ያለውን ሊያዝ ይችላል፤ ከተቦረሸ በኋላ ይተፋል እንጂ በውሃ አይለቀለቅም። መቦርቦሩ ተጀምሮ መሰርሰር የማይቻል ከሆነ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ይቀባና መበስበሱን ያቆመዋል። የተቀባው ቦታ ጥቁር ይሆናል። ይህን ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ነው፣ ኋላ «ጥርሷን አጠቆራችሁባት» ከመባል።

እምቢ ሲሉ

ከቻርቱ ምልክቶች ጀርባ ያለው እውነት ይህ ነው፦ አንድ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) በጠዋት ስምንት፣ አንዳንዴ አሥር ሰው ይይዛል፣ የሚናከስ ሰው አፍ ደግሞ የመጨረሻው ተራ ይደርሰዋል። «እምቢ አሉ» ተብሎ ይጻፋል፣ ነገም «እምቢ አሉ»።

እምቢታ ግን ብዙ ጊዜ ፍርሃት ወይም ሕመም ነው። ከፊት ለፊት፣ በዓይናቸው ልክ ዝቅ ብሎ መቅረብ፤ ከበላያቸው ቆሞ አፋቸው ላይ ብሩሽ መደገን ማንንም ያስደነግጣል። ብሩሹን አሳይቶ እጃቸው ውስጥ ማስገባትና በእጃቸው ላይ እጅን ደርቦ መጀመር፤ እጅ የለመደውን ቶሎ አይረሳም። ያዙና አላንቀሳቅስ ካሉ ያንኑ ይያዙት፣ በሌላ ብሩሽ ደግሞ ሥራው ይቀጥላል። መጀመሪያ ከንፈር፣ ከዚያ የፊት ጥርስ፣ መንጋጋ በመጨረሻ። ጣት በጥርሶች መካከል አይገባም፤ ክፍት ማድረግ ካስፈለገ የሁለተኛው ብሩሽ የላስቲክ እጀታ ይነከሳል። ካልሆነ መተውና ከግማሽ ሰዓት በኋላ መመለስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ዛሬ የፊት ጥርስ ብቻ ከተቦረሸ የፊት ጥርስ ብቻ መጻፍ ነው፣ ማታ የሚገባው ሰው ከኋላ እንዲጀምር።

ቋንቋም አለ። እንግሊዝኛው የጠፋባቸው እማማ «ኦፕን» ሲባሉ ከንፈራቸውን ይገጥማሉ፤ «አፍዎን ይክፈቱልኝ እማማ» ሲባሉ ይከፍታሉ። አማርኛ የማይችለው ባልደረባ እንዲጠቀምባቸው አራት ሐረጎች በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፈው መስተዋቱ ላይ ተለጠፉ፦ አፍዎን ይክፈቱ፣ ይትፉት፣ አመመዎት?፣ ጨረስን። «ጨረስን» የምትለዋ ከሁሉ ትጠቅማለች።

ከአፍ እስከ ሳንባ

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት እዚህ ቤት አይሠራም። በቱቦ የሚመገብ ሰው አፉ ንጹሕ ይመስለናል፣ ስለማይበላበት። እንዲያውም ማኘክ ስለሌለና ምራቅም ስለሚያንስ አፉን የሚጠርገው ነገር የለም፤ የጥርስ ድንጋዩ ይጋገራል፣ ባክቴሪያው ይከማቻል፣ ሲተኙ ደግሞ ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ይወርዳል።

ጃፓን ውስጥ በ11 የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ለሁለት ዓመት የተሠራ፣ በ2002 የታተመ ጥናት አለ። ከየምግቡ በኋላ አፋቸው በተንከባካቢ ከታጠበላቸው ሰዎች 11 በመቶ፣ ካልታጠበላቸው 19 በመቶ የሳንባ ምች ያዛቸው። ይህ ቁጥር በየስልጠናው ይጠቀሳል። ብዙ የማይጠቀሰው በ2020 የታተመው ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በ14 ነርሲንግ ሆሞች ሠራተኞች ሰልጥነው አፍ ማጠብ በሥርዓት ተሞከረ። በመጀመሪያው ዓመት የሳንባ ምቹ ቀነሰ፤ ሁለት ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ ብሩሹ ሥራውን አልተወም፣ ሰው ነው ብሩሹን የተወው። ሠራተኛ ይለቃል፣ አፍ እንዲያጥብ የተመደበው ሰው የሰው እጥረት ባለበት ፎቅ ይወሰዳል። ሌላ የጃፓን ጥናት ደግሞ፣ ዕድሜያቸው 85 እና ከዚያ በላይ በሆነ ሰዎች ላይ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አድርጎ የሚተኛ ሰው በሳንባ ምች የመያዝ አደጋው በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል።

መዋጥ ለሚያስቸግራቸው ውሃ ባፋቸው አይሞላም። ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፣ አገጫቸው ትንሽ ወደ ደረታቸው ይወርዳል፤ አልጋ ላይ ከሆኑ ራስጌው ከፍ ብሎ ፊታቸው ወደ ጎን ይዞራል። ብሩሹ እርጥብ ብቻ ይሆናል፣ ሳሙናው አረፋ የማያወጣው ዓይነት፣ የተረፈው በጎዝ ይጠረጋል። ጉንጭ ውስጥ የተቀበረ ምግብ መፈለግ አይረሳ፤ የጠዋቱ እንቁላል ከምሳ በኋላ ሲወጣ የሚያጋጥም ነገር ነው።

የእኛ ሰው አፍ

ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች አሉን። ፈረንጅ ነርስ ያንን ሰማያዊ ጥቁር ድድ ስታይ ደንግጣ «ያልተለመደ የአፍ ሥጋ» ትላለች፣ አንዳንዴም ናሙና ይወሰድ ይባላል። ሲገቡ ፎቶ አንስቶ «የቆየ ባህላዊ ንቅሳት» ብሎ ቻርቱ ላይ ማስጻፍ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ንቅሳት ከፊት፣ ግራና ቀኝ የተመጣጠነ፣ የማያድግ ነው። አዲስ የመጣ፣ በአንድ ወገን ያበጠ፣ የሚደማ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ግን ንቅሳት ኖረም አልኖረም መታየት አለበት።

ወንጂና ዝዋይ አካባቢ ያደጉት ደግሞ ቡናማ ጥርስ ይዘው ይመጣሉ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ የሠራው ነው፣ ቆሻሻ አይደለም፤ ፈትጎ ለማንጣት የሚታገል ሰው ጥርሱን ይጨርሳል እንጂ ቀለሙን አያወጣም። መፋቂያ የለመዱት እጃቸው ካልተንቀጠቀጠ ይፋቁ፤ መዋጥ ለሚያስቸግረው ግን ጭረቱ እየተበጠሰ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል።

እሑድ ጠዋት ብሩሽ የሚገፉት እናትም «እምቢተኛ» አይደሉም። ሊቆርቡ ነው፣ ውሃ አፋቸው አይገባም። በእንክብካቤ ዕቅዱ ላይ «ቅዳሜ ማታ በደንብ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለረመዳንም ከሱሑር በኋላና ከኢፍጣር በኋላ ተብሎ ይስተካከላል።

ሦስት ቀን

ጥርስ ጠፋ ወይም ተሰበረ ሲባል አብዛኛው ቤተሰብ «በቃ፣ እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። የፌዴራል ደንቡ ግን፣ በ2016 በወጣው ማሻሻያ፣ ነርሲንግ ሆሙ በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ጥርስ ሐኪም እንዲልክ ያስገድዳል። ካልላከ፣ ሰውየው እስከዚያ እንዴት እየበላና እየጠጣ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ጥርሱ የጠፋው በቤቱ ጥፋት የሚሆንበትን ሁኔታ የሚለይ የጽሑፍ ፖሊሲም ሊኖረው ይገባል፤ በዚያ ሁኔታ ነዋሪውን ማስከፈል አይችልም። ፖሊሲውን አሳዩኝ ማለት መብት ነው።

ሌላው የሚጠየቀው ነርሲንግ ሆሙ ስለ እያንዳንዱ ነዋሪ የሚሞላው፣ ኤምዲኤስ የሚባለው ግምገማ «ኤል» ክፍል ነው። የላላ ጥርስ፣ የተቦረቦረ ጥርስ፣ የሚደማ ድድ፣ የማኘክ ችግር እዚያ ይመዘገባሉ። ባዶ ከሆነ «ማን አየው? በምን መብራት?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የተለመደው ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ተራ የጥርስ ሕክምናን ከ1965 ጀምሮ አይሸፍንም። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) እንደ ግዛቱ ነው፤ ቨርጂኒያ ለአዋቂዎች ከሐምሌ 2021፣ ሜሪላንድ ከጥር 2023 ጀምሮ ይሸፍናሉ። በሜዲኬይድ የሚኖር ሰው ከጡረታው አብዛኛውን ለቤቱ ይከፍላል፤ ሜዲኬይድ ያልሸፈነው አስፈላጊ የጥርስ ወጪ ከዚያ ድርሻ ላይ እንዲቀነስ ማመልከት ይቻላል። ይህንን ሳይጠየቅ የሚናገር ስለማይገኝ ሶሻል ወርከሯን መያዝ ነው።

ስምም ይጻፍበት። አዲስ ጥርስ ሲሠራ ላብራቶሪው ስሙን አክሪሉ ውስጥ ይቀብረዋል፣ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ለነባሩ፣ በጉንጭ በኩል መንጋጋው አካባቢ ትንሽ ቦታ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ በማይለቅ ቀለም ይጻፍበታል፣ ለዚሁ በተሠራ ግልጽ ማሸጊያ ሁለት ጊዜ ይቀባል። ማሸጊያው ስለሚያልቅ በየጥቂት ወሩ ይታደሳል። የክፍል ቁጥር አይጻፍም፤ ክፍል ይቀየራል።

የእማማ ልጅ ስማቸው በአማርኛ እንዲሆን ፈልጋ ነበር። ልብስ ማጠቢያ ቤት ከአንሶላ መሐል የሚያገኘው ሰው ማንበብ ስላለበት ጥርሱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሆነ። ሌሊት የሚያድርበት ኩባያ ላይ ግን በአማርኛ ነው የተጻፈው።